በምራት ጉልበት መጽደቅ

የትኛውም ሰፈር ሂድ፣ በሌላ ሰው ጉልበት የሚጸድቅ አንድ ደግ ሰው አይጠፋም። የራሱን ጣት ሳያነሳ ያንተን ክንድ ይለግሳል። ምርቃቱ ለእሱ፣ የወገብ ቁርጥማቱ ላንተ። ክፉ ነው እንዳትል ከልቡ ደግ ነው፤ ንፉግ ነው እንዳትል አገር ይመሰክርለታል። እና ምን ልትለው ነው? ዝም ብለህ ትሸከማለሃ!

የመተማ ዮሐንስን ድርሻ ክብርት ሐሚዳ ይዘውታል። ሰፈሩ በሱዳኖቹ አጠራር «ሐቦባ» ይላቸዋል፤ አያታችን እንደማለት ነው። የሐቦባ ደግነት ኬላ አይይዘውም፣ ሱዳን ማዶ ጋላባት ድረስ ይሻገራል። የሚሸከመው ግን የአንድ ሰው ወገብ ነው፦ የልጃቸው የኸሊፋ ሚስት፣ የረፊቃ።

ረፊቃ ሸራ ሰፊ ናት። ቀጣሪ የላትም። ጓዳዋ ጥግ ባቆመቻት የእግር መኪና ከመጣው ሁሉ ሥራ እየተቀበለች ትሰፋለች። ሰሊጥ ሲደርስ ደግሞ ቆላው ከሸራ ሰፊ በላይ የሚፈልገው ሰው የለም። ሰሊጥ እንደሌላው እህል ትዕግሥት የለውም፤ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ማሳው ላይ ተደግፎ ቆሞ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል። ያኔ ሸራ አንጥፈው፣ ዘቅዝቀው ካላራገፉት ፍሬው መሬት ላይ ይፈስና የዓመት ልፋት የጉንዳን ቀለብ ይሆናል። በዚህ ወቅት ረፊቃ ባንድ እግሯ መኪናዋን ትረግጣለች፣ በሌላው የሕፃኗን አልጋ ትወዘውዛለች፤ ወጡ ማረሩን ባፍንጫዋ ትጠብቃለች።

ይህን ሁሉ ሐቦባ ሐሚዳ ባጭሩ ይጠቀልሉታል፦ «እሷ ምን አለባት፣ ቤት ናት።»

ጎረቤት ገበያ ልትወጣ ልጇን የት ላድርጋት ስትል፣ «ረፊቃ ጋ ጣያት፤ ምን አለባት፣ ቤት ናት።» ባለ ጋሪው የመንደሩን የውሃ ጀሪካን ሁሉ ደጇ ላይ ያራግፋል፤ ትረከባለች ብለውታላ! የሙሽራ መጋረጃ ጠርዝ እሷ፣ የመንገደኛ ምሳ እሷ፣ የታመመች የጎረቤት ፍየል አስታማሚ እሷ። አንድ ጊዜማ ጉምሩክ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ድካም ጣለኝ ቢላቸው፣ «አንተ ተኛ፣ መኪናህን ረፊቃ ታይልሃለች» ብለው ቃል ገብተውለታል። የጭነት መኪና! ከነተሳቢው!

ለባሏ ነገረችው። ኸሊፋ ሱቁ ውስጥ ብስኩት ካርቶን ላይ ተቀምጦ ስልኩን እየጎረጎረ፣ «እናቴ ናትኮ። ደግሞስ ቤት አይደል የምትውይ?» አላት። ቤት ማለት እሱ ማታ ገብቶ የሚጎርስበት ጥላ ብቻ የሚመስለው ወንድ ስንት ነው በዚህ አገር! ሰው የሚሠራበትም ቦታ እንደሆነ ማን ይንገራቸው?

ታዲያ ባለፈው ሳምንት፣ ሽንፋ በኩል ትንሽ ማሳ ያላት፣ ሸራ እንድትሰፋላት ያዘዘቻት የትናየት በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭና ከተፍ አለች። ከንፈሯ ደርቋል።

«የቀጠርኋቸው የደጋ ልጆች ትልቅ እርሻ ይሻለናል ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ሰሊጡ አፉን ከፍቷል። ንፋስ ከተነሣ አለቀልኝ፣ ረፊቃ። ሸራውን ብቻ ስጭኝ፣ ብቻየንም ቢሆን አራግፈዋለሁ።»

«አልቋልኮ!» አለች ረፊቃ ኮራ ብላ። ጠዋት ጨርሳ፣ አጣጥፋ፣ በሩ ሥር አስቀምጣዋለች። ዞር ስትል በሩ ሥር ያለው አቧራ ብቻ ነው።

«ሐቦባ፣ እዚህ የነበረውን ሸራ አይተዋል?»

«ለጎረቤታችን ለኡመይር ሰጠሁት። ከሕመሙ ድኖ ሰደቃ ሲያወጣ እንግዳው በዚህ ፀሐይ ይቃጠል ወይ? ተጣጥፎ የተኛ ነገር ምን ሥራ አለው ብየ ነው።»

ረፊቃ መቀሷን አንሥታ ወጣች፤ የትናየትም ከነትራክተሩ ተከተለቻት።

ኡመይር ግቢ ውስጥ ሸራው በአራት ማዕዘን ተወጥሯል። ከሥሩ ጎልማሳ ወንዶች ተደርድረው፣ ሥጋው አልቆ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ። «ማሻአላህ፣ ጥላ ይሉሃል ይህ ነው! አላህ ለሐቦባ ዕድሜ ይስጥልን!» ይላሉ። የሰፋችውን ያነሣ የለም። የሰደቃ ጥላ ማፍረስ ነውር መሆኑን ረፊቃ ከማንም በላይ ታውቃለች። የመጀመሪያውን ገመድ ቆረጠችው።

ፀሐይዋ በኡመይር ወንድም በሳሊም መላጣ ላይ ዱብ አለች።

«አንች ሴትዮ! አበድሽ እንዴ?»

«ቤት ስውል ነው ያበድሁት።»

«ረፊቃ፣ አታዋርጅኝ!» ኸሊፋም ለካ ጥላው ሥር ኖሯል። ሁለተኛውን ገመድ በጠሰችው።

ይህኔ ሐቦባ እያለከለኩ ደረሱ። ረፊቃ ወደ በሩ አመለከተች። የትናየት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። «ያበደሩት ሸራ እንዳይመስልዎ፣ ሐቦባ። የዚችን ልጅ የዓመት ጉሮሮ ነው።»

ሐቦባ የትናየትን አዩ። ከዚያ በፀሐይ የሚቁለጨለጩትን ወንዶች አንድ ባንድ አዩ። ያ ረፊቃ የምትፈራው፣ የሰውን ጉልበት ሊለግሱ ሲሉ የሚበራው ዐይናቸው በራ።

«ሠራተኞችሽ ጥለውሽ ሄዱ ነው ያልሽ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«በሉ ተነሡ! ሳሊም፣ አንተም። አራግፋችሁላት ኑ።»

«እኛ? ኧረ ሐቦባ፣ እኛኮ እንግዳ...»

«ምን አለባችሁ? ተቀምጣችኋል።»

አሁን በመረቁበት አፍ ምን ብለው እምቢ ይላሉ? እያጉረመረሙ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን እየሰበሰቡ ተሳቢው ላይ ወጡ። ሸራው ተከተላቸው።

«ስንቅስ?» አለ የትራክተሩ ሾፌር።

«ስንቁን ረፊ...» ብለው ጀመሩ ሐቦባ። መቀሱን አዩ። ዋጡት። «ስንቁን ኸሊፋ ከሱቁ ይጭናል። ብስኩት ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ምን አለበት።»

ረፊቃ እኒህን ሴትዮ ለመጥላት ስትታገል ኖራለች፤ ያን ዕለት ሊሳካላት ምንም አልቀራትም ነበር። ባሏን ከነብስኩት ካርቶኑ ተሳቢው ላይ ሲንገጫገጭ ስታይ ግን ሳቋ አመለጣት፤ መራራ ሳቅ ነው፣ ግን ሳቅ ነው። ቤቷ ገብታ የሚቀጥለውን ሸራ ዘረጋች። ሐቦባም ተከትለው መጡና ደፉ ላይ፣ ምርኩዛቸውን በሩን አግድመው ተቀመጡ። ነገ እንደሚረሱት ረፊቃ ታውቃለች።

ጎረቤት ልጇን አዝላ ብቅ አለች። «ረፊቃ አለች?»

ጓዳ ውስጥ መኪናዋ ተክ ተክ ትላለች።

«የለችም» አሉ ሐቦባ ሐሚዳ፣ ምርኩዛቸውን ሳያነሡ። «ሥራ ሄዳለች።»