የጋሽ ባስልዮስ ጓሳ

ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ ከትምህርት ቤቱ ደወል ቀድሞ የሚሰማው ይህ ድምፅ ነበር። አሥራ ሰባት ቁልፍ የታጨቀበት የሽቦ ቀለበት ከአንድ ቀጭን ሰው ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ውርጭ የነጣበትን ግቢ ያቋርጣል። ጽናት አፈወርቅ ዛሬ የአርባ ሁለት ዓመት መምህርት ሆና እንኳ፣ ቁልፍ ሲንቃጨል ስትሰማ እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች።

መቼም ቁልፍ ያዥ የሌለበት አገር የለም። መንግሥት ይለወጣል፣ የመማሪያ መጽሐፍ ይለወጣል፣ ቁልፍ ያዥ ግን እዚያው ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ለሥራ የመጣን ዕቃ ከሥራ የሚያድን ሰው ነው። የመሐል ሜዳው ደግሞ የቁልፍ ያዦች ሁሉ አውራ፣ ክቡር ሊቀ መቆለፊያ፣ በጅሮንድ ጋሽ ባስልዮስ ነበሩ። "ዕቃ በዓይን ነው!" ይላሉ። እጅ ያለው ፍጡር ሁሉ እሳቸው ዘንድ ተጠርጣሪ ነው።

የጂኦግራፊ መምህሩ ሉል ሲጠይቁ፣ ጋሽ ባስልዮስ ሉሉን አይሰጡም፤ ይዘውት ይመጣሉ። የተጠቀለለበትን ፕላስቲክ ሳይገልጡ ታቅፈውት ከሰሌዳው ፊት ይቆሙና፣

"የትኛውን አገር ነበር?" ይላሉ።

"ብራዚልን።"

"እሱ በወዲያ በኩል ነው" ይሉና፣ ሉሉን ላለማዞር ራሳቸው ዞረው ይቆማሉ። ብራዚል ሰሌዳውን ታያለች፤ ተማሪው የጋሽ ባስልዮስን ጀርባ ያያል። የመረብ ኳስ በመጣ ዓመትም ኳሱ አንድ ቀን ሳይመታ ዕቃ ቤት አርጅቶ፣ ጎማው በእጅ ሲይዙት ፈረሰ። "ክፉ ሳያገኘው አረፈ" አሉ ጋሽ ባስልዮስ፣ ከልባቸው አዝነው።

ይህን ሁሉ ጽናት ስቃ ታልፈው ነበር። ይቅር ያላለችው ማይክሮስኮፑን ነው።

ዘጠነኛ ክፍል እያለች ነው የመጣው። ሣጥኑ ከመኪና ሲወርድ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወጥቶ አየ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። መምህሩ በባለ ቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሣሉት፤ ተማሪዎቹ በደብተራቸው ገለበጡት፤ ክፍሎቹንም ስም በስም ሸመደዱ። የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ጡብ ግንብ ሆኖ በመጽሐፉ ላይ ተሥሏል፤ እሱንም ገለበጡ። ጽናት በፈተና ከአሥር አሥር አገኘች። ዕቃው ራሱ ከግድግዳው ማዶ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር።

አንድ ቀን የሽንኩርት ልጣጭ መዳፏ ላይ አድርጋ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"ጋሽ ባስልዮስ፣ አንዴ ብቻ ልይበት።"

"ዘንድሮ አይሆንም፣ ልጄ። ገና ነው።"

"ምኑ ነው ገና?"

"ጓሳ ገና ዘንድሮ ተዘግቶ ዘንድሮ ይታጨዳል እንዴ?"

የጋሽ ባስልዮስ አባት የጓሳ ጠባቂ ነበሩ። እዚያ፣ በመንዝ ደጋ፣ ጓሳ የሚባለው ሣር ለዓመታት ይዘጋል፤ በግም አይገባበት፣ ማጭድም አይደርስበት። ተዘግቶ ሲከርም ነው ጎጆ የሚከድን፣ ገመድ የሚሆን፣ የክፉ ቀን መኖ የሚሆነው። ጋሽ ባስልዮስ ከአባታቸው የወረሱት ትምህርት ይህችው ነበረች፤ የተዘጋ ነገር ይፋፋል። ልጣጩ መዳፏ ላይ ደረቀ። ለጓደኞቿ፣ ዓይኔን ያስለቀሰኝ ሽንኩርቱ ነው አለቻቸው።

ዓመታት አልፈው ትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ፣ የድሮው ዕቃ ቤት እዚያው መምህርት ለሆነችው ለጽናት ተሰጣት። ለምና፣ ደጅ ጠንታ፣ ሕፃናት እየነኩ የሚማሩበት ቤት አደረገችው። ጥግ ላይ የሸማኔ ዕቃ ተተከለ። ከጣራው አሸዋ የሚያፈስ ጣሳ በገመድ ተንጠለጠለ፤ ገፋ ሲያደርጉት እየተወዛወዘ ወለሉ ላይ አበባ ይሥላል። ልጆቹ ቀለም የሚሰጥ ሥር ይቀቅላሉ፣ ጠጠር ከጠጠር እያጋጩ ድምፁን ያነጻጽራሉ። በሩ ላይ በትልቁ "እባክዎ ይንኩ" ተብሎ ተጻፈ።

"እባክዎ!" አሉ ጋሽ ባስልዮስ አንብበው። "ለምነው ያስነካሉ! ጉድ እኮ ነው።"

ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ግን በየጠዋቱ፣ በየበሩ ያለውን ሰው ሁሉ እስከ ልጅ ልጁ ጤና ጠይቀው፣ ይመጣሉ። ከጽሑፉ ሥር ይቆሙና፣ "አትንኩ!" ይላሉ። የማይክሮስኮፑን ቁም ሣጥን ቁልፍም አልሰጡም።

"ጋሽ ባስልዮስ፣ ጡረታ ወጥተዋል እኮ።"

"እኔ ነኝ የወጣሁት። ቁልፉ አልወጣም።"

ጽናት ቁም ሣጥኑን ላሰብር አለች፤ ተወችው። ሆኖም ያለ ማይክሮስኮፑ ዋናው ጠረጴዛ ባዶ ነው። ሐሳቧ እንዲህ ነበር፤ ልጆቹ የመንዝ በግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ አንዷን ዘለላ በማይክሮስኮፕ ያያሉ፣ ያዩትን በከሰል ግድግዳው ላይ አግንነው ይሥላሉ፣ ሸማኔ ደግሞ ሥዕሉን በባና፣ በሱፍ ብርድ ልብሱ ላይ ያወጣዋል። የምርቃቱ ቀን ቅዳሜ ሆኗል፤ ዕለቱ ማክሰኞ ነው።

ልጆቹን መፍተል የሚያስተምሩት እማማ ይዘንጋሽ፣ የጋሽ ባስልዮስ እኩያ ናቸው። ሌላውን ሰው ሁሉ ያፍራሉ፤ ጋሽ ባስልዮስን ግን በነገር መንካት ይወዳሉ። በዚያ ብርድ አገር፣ ሁሉ በርኖስ ለብሶ ሲኮራመት፣ ጋሽ ባስልዮስ ሃያ ስምንት ዓመት በአንዲት ስስ ኮት እየተንቀጠቀጡ ኖረዋል። ከተማው ስስታም ነው ብሎ ፈርዶባቸዋል።

"አያ ባስልዮስ፣ ያ በርኖስ የት ደረሰ? የፈተልኩት እኔ፣ ብርዱ የአንተ!"

"አለ። ተቀምጧል።"

"እሱም ተቆልፎበት ይሆን?" አሉና እንዝርታቸውን አሾሩ። ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። "ስማኝማ። ጓሳ ይዘጋል፤ ልክ ነህ። ግን ሽማግሌ ተሰብስቦ ቀን ይቆርጣል፣ ያን ቀን አገር ማጭዱን ይዞ ይወጣል። የማይከፈት ጓሳ አባትህ ጠብቀው ያውቃሉ?"

ጋሽ ባስልዮስ ወገባቸው ላይ ያለውን ቀለበት ዳበሱ። ቀን እንደሚቆርጥ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ቅዳሜ ይከፈታል" አሉ።

ቅዳሜ ልጆቹና ወላጆቻቸው ቤቱን ሞሉት። ጋሽ ባስልዮስ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። ሦስት ጋን ቁልፍ አንድ በአንድ ከፈቱ፤ የመጨረሻው ዝጎ ስለነበር ዘይት ጠየቀ። ከቁም ሣጥኑ የወጣው ሣጥን አልነበረም። ጥቅል ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ በገመድ ሰባት ጊዜ የታሰረ ጥቅል። ሲፈቱት የሱፍና የእርጥበት ሽታ ወጣ።

የእማማ ይዘንጋሽ እንዝርት ከእጃቸው ወደቀ።

"በርኖሱ ነው" አሉ።

"ሣጥኑን ምስጥ በላው። ብርጭቆ ደግሞ ብርድ አይችልም ብዬ ነው" አሉ ጋሽ ባስልዮስ መሬት መሬት እያዩ።

ማይክሮስኮፑ ከበርኖሱ ውስጥ ወጣ፤ ናሱ ያበራል፣ ጭረት የለበትም። ጽናት አንድ የጠጉር ዘለላ አኖረችበት፤ መስታወቱን ወደ መስኮቱ አዞረችና ዓይኗን ደቀነች። ይህችን ቅጽበት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ ስትጠብቅ ኖራለች።

ጠጉሩ አልታየም። ብሎኑን ወዲያ አዞረች፤ ወዲህ አዞረች። የሚታየው አመድማ ጉም ነው፤ በጉሙ ውስጥ ቅርንጫፍ ያወጣ፣ ከዳር እስከ ዳር የተጠላለፈ ነጭ ክር። ሱፉ በየክረምቱ የጠጣውን እርጥበት ሃያ ስምንት ዓመት ብርጭቆውን ሲግተው ኖሯል።

"ታየ?" አሉ ጋሽ ባስልዮስ።

ስንት ዘመን ያዘጋጀችው ስድብ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው። ስሷ ኮት፣ የቀላ አፍንጫ፣ እንደ ተማሪ የተጨበጡ እጆች።

"ታይቷል" አለች።

"ተይ፣ ፊትሽን አየሁት" አሉ። ጠጋ አሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ምንም ሳይነኩ፣ አጎንብሰው ዓይናቸውን ደቀኑ። ሃያ ስምንት ዓመት ሲጠብቁት አንድ ቀን አይተውበት አያውቁም ነበር።

"ጓሳን ይመስላል" አሉ ቀስ ብለው። "ውርጭ ያረፈበት ጓሳ።" ቀና ሳይሉ፣ "ሻጋታ ነው፣ አይደል? ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ገብስ እንዲህ ነው ሲከፈት። እኛም አልበላነው፣ ሌላም አልበላው።"

ቀለበቱን ከወገባቸው ፈትተው፣ ድምፅ እንዳይሰማ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አሥራ ሰባቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በርኖሱን ግን አላነሡም። ወደ በሩ ሄዱ።

ይህን ጊዜ ልጆቹ ተንጋግተው ተጠጉ፤ ሃያ እጅ ወደ በርኖሱ ተዘረጋ።

"አትንኩ!" አለች ጽናት።

ድምፁ የእሷ አልነበረም፤ የእሳቸው ነበር፣ ቁርጥ። ራሷም ደነገጠች። "እባክዎ ይንኩ" ከሚለው ጽሑፍ ሥር ጋሽ ባስልዮስ ቆም አሉ። ትከሻቸው ትንሽ ተነሥቶ ወረደ፤ ይሣቁ ያልቅሱ ከኋላ አይታወቅም። በየበሩ ቆመው የሦስት ትውልድ ጤና ሳይጠይቁ የማያልፉት ሰው ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ፣ በዚያ ብርድ፣ ያለ በርኖስና ያለ ምንም ቅጭልታ ወጡ።