ቢላ የማይነካበት አዲስ ዓመት

የሰው በዓል ሁሉ የእኔ ነው የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔ በስደት በምንኖርባት በሜስኪት ከተማ አንድ አለኝ። ወዳጄ ታደለ አዲስ ዓመትን መስከረም ላይ ያከብራል፣ ጃንዋሪ ላይ ይደግማል፤ ዘንድሮ ደግሞ አብረውት ከሚሠሩ ቻይናውያን ሦስተኛ አመጣና ምሳ ጠራኝ። ስደርስ ቀይ ሸሚዙን ለብሶ ሶፋው ላይ ተጋድሟል።

ሚስቱ አልማዝ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ልትከትፍ እየተሰናዳች፣ "ቤቱን ጥረግ እንጂ፣ እንግዳ መጣ!" አለችው።

"ዛሬ መጥረግ ክልክል ነው፤ ዕድላችን አብሮ ይጠረጋል" አለ፣ እንደ ሊቅ ጣቱን ቀስሮ።

ምን ዓይነት የተባረከ ባህል ነው! እኔም ለቤቴ ልወስደው አሰብኩ።

አልማዝ ግን ወጥታ ቻይናዊቷን ጎረቤታቸውን ጠይቃ ተመለሰች። "ኦኬ፣ እውነትህን ነው። ማለቴ፣ እነሱ ዋዜማውን ቤቱን አጽድተው ነው የሚያድሩት። ደሞ ዛሬ ቢላም አይነካም፤ ዕድል ይቆርጣል። ሶ፣ ዶሮ ወጡ ይቆየን።"

ቢላዋን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቁጭ አለች። ሽንኩርቱ እንዳለ፣ ዶሮዋም ሳትበለት ሦስታችንን ታየናለች። የእኔ ሆድ ጮኸ።

ታደለ ቀስ ብሎ ተነሳና መጥረጊያውን አነሳ።

"ለነገሩ" አለ፣ "የእኛ አዲስ ዓመት መስከረም ነው።"