የገፈርሳን ጭቃ «እምነት ነው» ብዬ

ወገን፣ ዛሬ የገዛ ምላሴ ጉድ ሰራኝ! አሁንም ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው።

የማስተርስ ጥናቴ ጭቃ ነው። አትሳቁ! ከፋብሪካ ጭስ ጋር የሚወጣ የብረት ብናኝ ውሃ ላይ ያርፍና ይዘቅጣል። በየዓመቱ አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋል። ታች ያለው የድሮ፣ ላይ ያለው የዘንድሮ።

እኛ ሰፈር፣ ቡራዩ፣ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካው ከተከፈተ ወዲህ ያሰጣነው ልብስ ጠቁሮ ነው የሚገባው። ስንጮህ ባለሥልጣኖቹ «ማስረጃ አምጡ» ይሉናል።

እሺ! ዛሬ ገፈርሳ ግድብ ሄጄ፣ ጀልባ ላይ ወጥቼ፣ ማስረጃውን፣ ከውሃው ስር ያለውን ጭቃ፣ በረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ይዤ መጣሁ።

ችግሩ፣ ቱቦው መጋደም የለበትም። ላዩ እንደ አጥሚት ቀጭን ስለሆነ፣ ከተጋደመ የየዓመቱ ንጣፍ ይደባለቃል።

ሚኒባስ አስቆምኩ። ረዳቱ ነጥቆኝ ጣራ ላይ ሊያጋድመው!

«ኧረ ተው፣ እምነት ነው!» አልኩት።

አዎ፣ ከጸበል ቦታ የሚመጣው፣ ሰው ግንባሩን የሚቀባው እምነት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ!

ረዳቱ እጁን ሰበሰበ። ቦታ ተለቀቀልኝ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

ወዲያው ከጎኔ ያሉ እናት «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለእኔም ትንሽ» ብለው ክዳኑን ከፈቱት።

«እማማ፣ አይነካም!»

ሚኒባሱ በሙሉ ተነሳብኝ። «በበረከት ትሰስቻለሽ?» ጣት በጣት ላይ ገባ። ያ ስንት የለፋሁበት የላይኛው ጭቃ፣ የዘንድሮው ጭስ፣ ግንባር ላይ አለቀ!

«መርዝ ሊኖርበት ይችላል! ጥረጉት!» ብዬ ጮህኩ።

ረዳቱ ገላመጠኝ። «ቅድም እምነት፣ አሁን መርዝ? ወይ አንዱን ያዢ ወይ ውረጂ!»

እማማ ደረታቸውን እየቀቡ ነበር። በነጠላዬ ልጠርግላቸው ስል እጄን መቱኝ።

«እማማ፣ ምንዎን አሞዎት ነው?»

«ሳል ነው ልጄ። ያ የብረት ፋብሪካ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንቺን እግዜር ላከልኝ።»

ቡራዩ ስንደርስ ግንባሬን ስመው ወረዱ። አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ ሚኒባስ ውስጥ!

አሁን ቱቦው ውስጥ የቀረኝ ፋብሪካው ከመምጣቱ በፊት የነበረው ጭቃ ብቻ ነው። ማስረጃዬ እማማ ደረት ላይ ተለጥፎ ቤቱ ገባ።

እስኪ ንገሩኝ፣ እናንተ ሰዎች፦ «ማስረጃ አምጡ» ላሉን ጌቶች የእማማን ሳል ብወስድላቸው ይቀበሉኛል? ወይስ «ውሸታም ናት» ይሉኛል?