የዘይነባ ግራ እጅ

እንግሊዞች አናባቢ ላይ ይዘገያሉ፤ እኛ ተነባቢ ላይ እንጫናለን። አለመግባባታችን ከዚህ ይጀምራል። «ገና» ብዬ ብጽፍልዎ በዓሉ ይሁን «ቆይ፣ አልደረሰም» ለማለት ይሁን ፊደሉ አይነግርዎትም። አፍዎ ግን ያውቀዋል፤ በዓሉን ሲሉ ይጫናል፣ ሌላውን ሲሉ ያላላል። ማንም አስቀምጦ አላስተማረንም።

እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ይህ ጉብዝናችን ዕዳ ይሆናል። መርከብና በግ በእንግሊዝኛ ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ሺፕ»። አናባቢው ቶሎ ከተቆረጠ መርከብ፣ ሳብ ካለ በግ ነው። አዋቂዎቹ ልዩነቱ በርዝመት ብቻ አይደለም፣ ድምፁም ራሱ ይለያል ይላሉ፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። መካነ ሰላም ላይ በገበያ ቀን ከበግ መንጋ መሐል መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። መርከብ ያየ ሰው ካለ ግን ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አደባልቆ የተጎዳ ሰው በአካባቢው ሰምቼ አላውቅም።

ፈተና ላይ ካልሆነ በቀር።

ያኔ የአንድ ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኜ መካነ ሰላም ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። የግቢ ጎረቤቴ አስቻለው የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ትምህርት በፕላዝማ የሚሰጥበት ዘመን ስለነበር የአስቻለው ዋና ሥራ ቴሌቪዥኑን መክፈትና መዝጋት ሆኖ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው መምህርት «ከእኔ በኋላ በሉ» ብላ ትጠብቃለች፤ ክፍሉ አፉን እስኪከፍት እሷ ሌላ ቃል ላይ ደርሳለች። አስቻለው ላግዝ ሲል ደግሞ እንደማናችንም አናባቢውን ትቶ «ፕ»ን ይጫናል። በጉም መርከቡም እኩል ይጨፈለቃሉ።

አንድ ቀን መብራት ጠፋና ክፍሉ ከአስቻለው ጋር ብቻውን ቀረ። ዘይነባ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። አባቷ ሸህ እንድሪስ ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ንባቡን የሚያስተምሩ ሰው ናቸው።

«ቲቸር፣ ይኼ እኮ መድ ነው።»

«የምን መድ?»

ቁርኣን ሲቀራ ድምፅ የሚሳብበት ቦታ አለ፤ መድ ይሉታል። ምን ያህል እንደሚሳብ ደግሞ ጣት እያጠፉ ይለኩታል። አጭሩ አንድ ጣት፣ የሚሳበው ሁለት ጣት ነው አለች። አስቻለው በልጅነቱ ዲያቆን ነበረ፤ ዜማ ተምሯልና ድምፅ መጠን እንዳለው የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። በሳምንቱ ክፍሉ በሙሉ፣ ማተብ ያሰረውም ሒጃብ ያደረገችውም፣ ግራ እጁን ዴስክ ላይ አድርጎ ጣቱን እያጠፈ እንግሊዝኛ ያነብ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔም ኋላ ተቀምጬ አይቻለሁ። ይህን ይያዙልኝ።

የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ደረሰ። የዘይነባ ታላቅ እህት ዓረብ አገር፣ ጅዳ ናት፤ ለዘይነባም ፓስፖርት ወጥቶላታል። በቤቱ የተባለው ግልጽ ነበር፤ ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች እህቷን ትከተላለች። እሷ መማር ነው የፈለገችው።

በደንቡ መሠረት መምህራን የራሳቸውን ተማሪዎች አይፈትኑም። አስቻለው አጅባር ተመደበ፤ ከወረኢሉ ደግሞ አንድ ወጣት ፈታኝ ወደ እኛ መጣ። እኔ የፈተናውን ሂደት ልዘግብ ከፈተና ጣቢያው ኃላፊ ከአቶ ጌታሁን ጋር ቢሮ ተቀምጫለሁ። የእንግሊዝኛው ፈተና እንደተጋመሰ ወጣቱ ፈታኝ ዘይነባን ከነመልስ ወረቀቷ ይዞ ገባ።

«በጣቷ መልስ ስታቀብል ያዝኳት!»

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አንድ ጣት ኤ፣ ሁለት ጣት ቢ፣ ሦስት ሲ፣ አራት ዲ ነው። ይህን ቋንቋ ከእንግሊዝኛ አሳምሮ የሚያውቅ ተማሪ ያኔ ሞልቶ ነበር፤ ፈታኞችም ያውቁታል። ሰውየውን ተሳስቷል ለማለት ያስቸግር ነበር።

«ወላሂ አላቀበልኩም፣ ጋሼ! የአነባበብ ጥያቄው ላይ ነኝ፤ መድ እየቆጠርኩ ነው።»

«መድረሳ የተቀመጥሽ መሰለሽ እንዴ?» አለ ፈታኙ።

«ቲቸር አስቻለውን ይጠይቁልኝ።»

አቶ ጌታሁን ስልክ ሞከሩ። ኔትወርክ የለም። የሚቀጥለው ሥራ ፈተናዋን መሰረዝ ነበርና ወረቀት ሳቡ።

ዘጋቢ ያያል፣ ይጽፋል፤ ከዚያ አያልፍም። በዚህ እንጀራዬን በልቻለሁ። ግን ያየሁትን አለመናገርም ዘገባ አይደለም። «እንዲህ ነው የተማሩት፤ ክፍል ገብቼ አይቻለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው እዚሁ እንፈትናት» አሉ አቶ ጌታሁን።

«ሺፕ» አለ ፈታኙ። ዘይነባ አንድ ጣት አጠፈች። ጉሮሮውን ጠርጎ «ሺፕ» አለ ደግሞ። አሁንም አንድ ጣት።

«አያችሁ? ውሸቷን ነው!»

«ቲቸር፣ ሁለቱንም አጭር አርገው እኮ ነው ያሏቸው» አለች አንገቷን ደፍታ።

አቶ ጌታሁን «ቆይ እኔ ልበላት» ብለው «ፕ»ን በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። አንድ ጣት። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የአማርኛ ጋዜጣ ሰው ነኝ፤ አልሞከርኩም። ሰዓቱ ግን ይሄዳል፣ የሚሄደውም ከእሷ ላይ ነው።

«ስንት ጣት አየህ?» አልኩት ፈታኙን።

«አንድ… ሁለት… ደግሞ አንድ።»

«ሦስት አየህ?»

«አላየሁም።»

«አራትስ?»

 አቶ ጌታሁን የመልስ ወረቀቷን መነጽራቸው ሥር አስጠጉ። ሲና ዲ በብዛት ጠቁረዋል። ሲንና ዲን የማያቀብል አቀባይ ለማን ይጠቅማል? የሳቡትን ወረቀት መልሰው ገፉት።

«ተመለሺ» አሏት።

ፈታኙ እጅ መስጠት አልሆነለትም። «ግራ እጅሽ ግን ዴስኩ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጥ። አንዲት ጣት ብትነቃነቅ ወረቀትሽን እነጥቅሻለሁ።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት ስትወጣ። የአነባበብ ጥያቄዎቹን ገና ግማሽ አላደረሰችም ነበር። በመስኮት ሳያት ግራ እጇ እንደ ተሰጣ ጨርቅ ዴስኩ ላይ ተዘርግቷል፤ ፈታኙ አጠገቧ ቆሟል።

በማግስቱ ለጋዜጣዬ «ፈተናው ያለ ምንም ችግር ተጠናቀቀ» የሚል ዜና ላክሁ። በዜናው ውስጥ ስሕተት የለም፤ ተጠናቋል።

ውጤቱ ሲለጠፍ ዘይነባ አልፋለች። ፓስፖርቱ፣ እኔ እስከማውቀው፣ ሳጥን ውስጥ ቀረ። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተመዝግባ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋትና ሲከነክነኝ የከረመውን ጠየቅኋት።

«የቀሩትን ጥያቄዎች እንዴት ሠራሻቸው? እጅሽ ታስሮ?»

«ጋሼ፣ እጅሽን አሉኝ እንጂ እግርሽን መች አሉኝ?»

አጠገባችን አንድ ገበሬ መንጋውን ወደ ገበያ ይነዳል። ዘይነባ ወደ እንስሶቹ በአገጯ እያሳየች ቃሉን በእንግሊዝኛ አለችው። ወደ ታች ተመለከትኩ። የላስቲክ ጫማዋ አፍንጫ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ።

ትክክል ነበረች። መርከብ አልነበረም።