ሳምንት የምትነሳው ሙስታንግ

መኪና የሚያድስ ሰው መኪና አይነዳም። ይህን የምለው በጥናት ሳይሆን በጉርብትና ነው። በየሰፈሩ አንድ አለ፤ ግቢው ውስጥ ሸራ የለበሰ ነገር ያቆማል፣ ጥፍሩ ከግሪስ አይጠራም፣ ሰላም ያለው ሁሉ ስለ ካርቡራተር ተምሮ ይሄዳል። ለእኛ ለዓለም ገና ከተማ ሰዎች የደረሱን ክቡር ኦቦ ያደታ ናቸው።

ኦቦ ያደታ አባት አያታቸው እዚሁ ያረሱ፣ እሳቸው ግን ከፋብሪካ ጥገና ክፍል በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መኪናዋ ሙስታንግ ናት፤ በጃንሆይ ዘመን አንድ ሀብታም አስመጥቷት፣ አብዮቱ ሲፈነዳ ጭድ ውስጥ ተደብቃ የቀረች። ባለ ስምንት ሲሊንደር። «አገሪቱ ውስጥ ሦስት ብቻ ናቸው» ይላሉ፤ ሁለቱን ያየ የለም። ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሸሽቼ የግቢያቸውን ሰርቪስ ቤት የተከራየሁ ዕለት፣ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ «ሳምንት ትነሳለች» አሉኝ። ይኸው ስድስት ዓመት። ልጃቸውን ሲድሩ «በእሷ ነው የምትሄዱት» ብለው ሙሽሮቹ በባጃጅ ሄዱ። ጠዋት ለሥራ ስሮጥ ክንዴን ይዘው ስለ ካምቢዮው፣ ማለትም ስለ ማርሽ ሳጥኑ፣ ሲያስረዱኝ ስንት ታክሲ አምልጦኛል! አለቃዬ ስዘገይ «ዛሬም ካምቢዮ ነው?» ማለት ጀምሮ ነበር።

በ2008 ታኅሣሥ አንድ ቀን ግን የሚያመልጥ ታክሲም አልነበረም። የአዲስ አበባን ወሰን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ከተነሳ ሳምንታት ሆኖታል። የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ሱቅ አልተከፈተም፣ በሰበታ በኩል ጥቁር ጭስ ይታያል። እኔና ኦቦ ያደታ ግቢ ውስጥ ቆመን እናዳምጣለን። እሳቸው ስለ ካርቡራተር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ያኔ ነው የፈራሁት።

በሩ ተንኳኳና አምስት ወጣቶች ገቡ። ከፊት ሶያማ ነበር፤ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር፣ ከኮሌጅ ተመርቆ ሥራ ያጣ ጎረቤታችን።

«አካም ጅርቱ ኦቦ» አለ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ጎማ ፈልገን ነው።»

«የምን ጎማ?»

«መንገድ ላይ የሚቃጠል።» ዓይኑ ጉቶዎች ላይ ከፍ ብላ በተቀመጠችው ሙስታንግ ላይ ነበር። እነዚያን አራት ጎማዎች ለማግኘት ኦቦ ያደታ ሦስት ዓመት ፈጅተዋል።

«ሶያማ፣ እሷን አትንካ።»

«የአባቴን መሬት ሲለኩት ማን አትንኩ አለ?» «እኛ ምን ቀረን፣ ኦቦ?»

ሶያማ መሬት ላይ የነበረ መፍቻ አንስቶ፣ ተንበርክኮ የፊተኛውን ጎማ ቡሎን ይፈታ ጀመር።

ሁለተኛው ቡሎን ላይ ሲደርስ ከመንገዱ በኩል ተኩስ ተሰማ። አራቱ በጓሮ አጥር ዘለው ጠፉ። ሶያማ ብድግ ሲል የከስክስ ጫማ ኮቴ በሩ ጋ ደርሷል። ኦቦ ያደታ ትከሻውን ጨብጠው ወደ ታች ገፉት። «ሥሯ ግባ! ግባ አልኩህ!» አንድ ጣሳ የተቃጠለ ዘይትም ልብሱ ላይ ደፉበት።

ሁለት የታጠቁ ሰዎች ገቡ። አንደኛው ከመኪናዋ ሥር የወጡትን ሁለት እግሮች አየ።

«ይሄ ማነው?»

«ረዳቴ ነው» አሉ ኦቦ ያደታ።

«ይውጣ!»

«ከወጣ ካምቢዮው ይወድቅበታል፤ በደረቱ ደግፎ ነው የያዘው። ምን መሰለህ ልጄ፣ የዚች ካምቢዮ…»

ጀመሩ። እኔ በቃሌ የማውቀውን ትምህርት ከፍሪሲዮኑ ተነሥተው አንድ ሳያስቀሩ አወረዱት። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ! እውነቱን ነው? ይሄ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበር?»

ለዓመታት በዚህች መኪና ስቄያለሁ፤ ቢሮ ውስጥ የምሳ ሰዓት ቀልድ አድርጌያታለሁ። አሁን የሶያማ ጫማ ላይ የጎማ ጥቀርሻ ይታየኛል።

«ከጠዋት ጀምሮ» አልኩ። ሰውየው ዓይኑን አልነቅል ሲለኝ ጨመርኩበት፤ «ሳምንት ትነሳለች።»

ጓደኛው ስለ ፍሪሲዮን መስማት በቅቶት በሩ ጋ ደርሶ ነበር። «ተወው፣ ና!» አለው። ወጡ።

ሶያማ ቶሎ አልወጣም። ከሥር የሚሰማው ሲቃው ብቻ ነበር። ኦቦ ያደታ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ቁርጭምጭሚቱን በእጃቸው ያዙ። በመጨረሻ ወጣና የፈታውን ቡሎን መልሶ አጠበቀ። ከዚያ በጓሮ በኩል ተፍኪ ወዳለችው አክስቱ ሄደ።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ሶያማም ተመለሰ። መኪናዋ ግን አልተነሳችም። ባለፈው ቅዳሜ እኔ፣ ከመኪና በሩን ብቻ የማውቀው ሰውዬ፣ ሶማሌ ተራ ያሉትን የመለዋወጫ ሱቆች ግማሽ ቀን ዞሬ እሳቸው ሲፈልጉት የከረሙትን የሞተር ማስነሻ፣ ሞተሪኖ፣ ገዝቼ መጣሁ። ኦቦ ያደታ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ «ይኸው ነው፣ ራሱ ነው» ብለው መደርደሪያው ላይ ከፍ አድርገው አስቀመጡት።

የአይሱዙ ሞተሪኖ መሆኑን የነገሩኝ ባለቤታቸው አዴ ድንቅቱ ናቸው። «‹ደክሞ ነው ያመጣው፣ እንዳትነግሪው› ብሎ አስምሎኛል» አሉኝ በሹክሹክታ።

ስለዚህ እኔም አላወቅሁም።