አይመስልም የተባለው አምባሰል

እኛ አገር ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ አይወጣም። ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ችሎት፣ ጠበል ወይም ዝያራ፤ ከነዚህ አንዱ ከሌለህ አርፈህ ቤትህ ተቀመጥ ነው ነገሩ። «ለእረፍት ነው የምሄደው» ብትል ሰሚው መጀመሪያ ጤናህን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ከሚስትህ ጋር ተጣልተህ እንደሆነ ያጣራል። «ተራራ ልስል ነው» ካልክማ፣ ወዳጄ፣ ጥያቄውም ይቆማል። ዝም ብሎ ያዝንልሃል።

እኔ ኮምቦልቻ የስዕል መምህር ነኝ። ጦርነቱ ከአካባቢያችን ከራቀ ጥቂት ወራት አልፎት፣ መንገዱም ተከፍቶ፣ የትምህርት ቤት እረፍት ሲሰጠን እርሳስና ደብተሬን ይዤ ሐይቅ ከተማ አልጋ ያዝኩ። ሁለት ቀን ውሃውን ሳልኩ። ውሃ መሳል ደስ ይላል፤ አልመሰለም ብሎ የሚከራከርህ የለም። በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ውጫሌ ደረስኩና፣ ከከተማው ወጣ ብዬ፣ ስሙን ለዘፈን ቅኝት ያዋሰውን የአምባሰልን ተራራ ፊት ለፊት ከሚያሳይ ሜዳ ላይ ድንጋይ መርጬ ተቀመጥኩ።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። ዞር ስል ክላሽ ያነገተ ጎልማሳ ነው። የመንደሩ ሚሊሻ፣ እንድሪስ።

«ተራራውን እየሳልኩ ነው።»

«ተራራው እኮ አለ። ስዕሉ ምን ያደርግልሃል?»

ሃያ ዓመት ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም። መልስ አልነበረኝም። መልስ የሌለው እንግዳ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሰላይ ነው።

መንደር ውስጥ፣ ዋርካ ሥር ወደተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ሀጂ ይመር ወሰደኝ። በጥርጣሬ ተይዘው ሳምንታት የከረሙ ሰዎች ስለማውቅ፣ ሳልጠየቅ መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠሁ። ሀጂ መታወቂያዬን አገላበጡ፤ ከዚያ ደብተሬን ገለጡ።

«ይሄ የትኛው አገር ነው?»

«አምባሰል ነው፣ ሀጂ።»

«ወላሂ?» ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ዘቀዘቁት። ጎረቤት ተጠራ። አንዱ ትከሻው የለም አለ፤ ሌላው ገደሉ ያለ ቦታው ነው አለ። እትዬ ሉባባ የሚባሉ እናት «በቅሎ የተንከባለለችበት ድርቆሽ ነው» ብለው ደመደሙ። ሀጂም ፈረዱ፤ «በዚህ ወረቀት የመጣ ጠላት መንገድ ይጠፋዋል እንጂ እኛን አያገኝም። ልቀቀው።»

ተገላገልኩ አይደል? ዝም ማለት ነበረብኝ። የአስተማሪ አፍ ግን ዝም አይልም። «ይቅርታ ሀጂ፣ ይመስላል እንጂ» አልኩ። «ከዚያ ድንጋይ ላይ ሆነው ቢያዩት ቁርጥ ራሱ ነው።»

እንድሪስ ክላሹን ከትከሻው አወረደ። «ይመስላል ማለት ነው?» አለኝ በዝግታ።

«አይመስልም» አልኩ። ሙያዬን እንደዚያን ቀን ክጄው አላውቅም።

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ፤ እንድሪስም ሳይወድ ሳቀ። እትዬ ሉባባ ግን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «አሳዘንከኝ፣ ወንድሜ። እርሳስህን ያዝ፣ እኔ ላሳይህ።»

በጣታቸው እየመሩኝ አዲስ ገጽ ላይ ጀመርኩ። ግንባሩ እዚህ፣ ምንጩ እዚያ፣ ከምንጩ በታች ሾላ፣ ከሾላው ጀርባ ዋሻ። «ጦርነቱ ሲመጣ እዚህ ነው የገባነው» አሉ። «ልጄ አራስ ነበረች። ሕፃኑ እንዳያለቅስ ጡት ከአፉ አይወጣም ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው አሁን በዳዴ ዶሮ ያባርራል።» ሳቁ ቆሞ ሁሉም አንገቱን አስግጎ እጄን ያያል። መስመሩ እሺ እያለኝ ሄደ። ስጨርስ ሀጂ ይመር ደብተሩን ተቀብለው፣ ሳይዘቀዝቁ አዩት። «አሁን መሰለ» አሉ። «ራሱ ነው።»

እትዬ ሉባባ ደብተሩን ተቀብለው ዋሻውን በጣታቸው ነካ አደረጉና መልሰው ሰጡኝ።

«እሰይ፣ እጅህ ይባረክ። በል አሁን አጥፋው።»

«ለምን?»

«ያ ነገር ተመልሶ ቢመጣ የት እንገባለን?»

ላጲስ አወጣሁ። እንድሪስ መሣሪያውን ዋርካው ላይ አስደግፎ፣ ወረቀቱን ነፋስ እንዳያነሳብኝ በሁለት እጁ ያዘልኝ። ከምሳ በፊት አልፈቱኝም፤ ከምሳ በኋላም ሀጂ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኙኝ።

የሙያ ጓደኞቼ ስንገናኝ ስዕላችን ተሸጠ፣ ተሸለመ ይሉኛል። ደስ ይበላቸው። እኔ ግን አጥፋው እስክባል ድረስ አስመስያለሁ።