«እንብላ» ሲባል እሺ ያለው ሰው

ሰው «እንብላ» ሲለኝ እበሽቃለሁ። አትሳቁ፤ የምሬን ነው። እናንተም ስትባሉ ኖራችኋል፣ ስትሉም ኖራችኋል። ጉርሻችሁን እያላመጣችሁ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «እንብላ!» ትሉታላችሁ፤ እሱም እግሩን ሳይገታ «ብሉ፣ ብሉ!» ብሎ ያልፋል። እናንተ ቸር ተባላችሁ፣ እሱ ጨዋ ተባለ፣ ከትሪው ላይ አንዲት ቁራሽ አልጎደለችም። ከዚህ የረከሰ ቸርነት የት ይገኛል? እርግጥ ሁላችንም እስከተስማማንበት ድረስ ማንንም አይጎዳም። ጉዱ የሚፈላው ስምምነቱን ያልሰማ ሰው የመጣ ዕለት ነው።

መጣ እንግዲህ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔ አዲስ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። በበጎ ፈቃድ ሊያስተምሩ ከአሜሪካ ከሚመጡት ወጣቶች አንዱ ለእኛ ደረሰንና ዲሬክተሩ «ቤት ፈልግለት» አሉኝ። መሳለሚያ አጠገብ፣ እኔና ሙሉ የምትባለው ባለቤቴ በተከራየንበት ግቢ ውስጥ ባዶ የነበረችውን ክፍል አስያዝኩለት። ዐርብ ማታ ሻንጣውን ይዞ ገባ። ስሙ ሮብ ነው። አዎ፣ እንደ ጾሙ ቀን። እዚያው ግቢ የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ይህን ሲሰሙ «ምን በደለ ብለው ነው በጾም ስም የሚጠሩት?» ብለው አዘኑለት።

አማርኛውን አገሩ ሳለ ነው የተማረው፤ መቼም ሰዋስዉስ አይጣል ነው! «እንብላ» ማለት እኔና አንተ፣ አሁን፣ አብረን እንመገብ ማለት መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል። ጉድ ያፈላውም ይኸው ማወቁ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሰፈሩን ላሳየው ይዤው ስወጣ የግቢው ባለቤት ጋሼ ተሰማ በረንዳቸው ላይ ምሳ ቀርቦላቸዋል። ጋሼ ተሰማ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ናቸው፤ ባህል የሚባለው ነገር ሁሉ ከእሳቸው ቤት ተመዝኖ የሚወጣ ይመስላቸዋል። ዐይናቸውን ከወጡ ላይ ሳያነሡ «እንብላ!» አሉ። «ይብሉ ጋሼ» ብዬ አለፍኩ። ዞር ብል ሮብ የለም። ለካ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ እጁን እየታጠበ ኖሯል!

የቀረበው የአንድ ሰው ምሳ ነው። ሮብ ደግሞ ወጣት ነው፣ መንገድ ያደከመው፣ ጤነኛ። ጋሼ ተሰማ አንድ ሲጎርሱ እሱ ሦስቴ ይጎርሳል፤ በየመሐሉም «በጣም ይጣፍጣል» እያለ ያመሰግናል። ሥጋው ሲያልቅ የጋሼን ፊት ብታዩት ኖሮ! እኔ ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ ሳቄን ዋጥኩ።

ከዚያ ወደ መንገዱ ወጣን። እትዬ ብርቄ ከግቢያችን ፊት ለፊት በርበሬና ቅመም የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ጎጃሜ ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አንዱ ጅማ አንዷ አስመራ ተበትነዋል። ቀትር ሲሆን ከጆንያዎቹ መሐል ተቀምጠው ሰሐናቸውን ይከፍቱና መንገደኛውን «እንብላ» ይሉታል። መንገደኛው «ይብሉ» ይላቸዋል። ይህ ሲሆን ዘመናት አልፈዋል። ያን ዕለትም «እንብላ ልጆቼ» አሉን። ሮብ የዚህ አገር ሰው ደግነት አስደንቆት አየኝና «እሺ» ብሎ አንዱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

እትዬ ብርቄ እጃቸው ሰሐኑ ላይ እንዳለ ቀረ። «ውይ አምላኬ! ተቀመጠ!» አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ እኔ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። በእጃቸው ያጎርሱት ጀመር። በርበሬው ሲያቃጥለው እንባውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉለታል፤ እንደገና ያጎርሱታል።

«እናት አሉህ?»

«አሉኝ።»

«ከማን ጋር ነው የሚበሉ?»

«አሁን ብቻቸውን ይበላሉ» አለ ሮብ፣ ቃሉን ፈልጎ አግኝቶ።

እትዬ ብርቄ ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ። ስንወጣ ክንዴን ያዙኝና «ነገ ዶሮ እሠራለሁ። እንዳትነግረው አደራህን! እኔ ራሴ እንብላ ስለው ነው እንዲገባ የምፈልገው» አሉኝ።

ያን ምሽት እኔና ሙሉ ዘመድ ጥየቃ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ሄድን። ምነው እግሬን በሰበረው! ጋሼ ተሰማ ሮብን በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው ባህል አስተማሩት። ምን እንዳሉት ኋላ ከራሱ ሰማሁ። «አየህ ልጄ፣ እንብላ ሲሉህ መልሱ ይብሉ ነው። ቢደግሙህ እምቢ በል። በሞቴ ቢሉህ፣ አፈር ስሆን ቢሉህ፣ ሁሉም ለወግ ነው። አጥብቀህ እምቢ ባልክ ቁጥር ትከበራለህ። ዛሬ የበላኸው እኮ የድኻ ባልቴት ምሳ ነው!» ስለራሳቸው ምሳ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እንዲህ የሚያስተምረው ግን የሥጋ ወጡ ቁጭት እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሮብ ደግሞ ደግ ልጅ ነው፤ ያን ሲሰማ በሀፍረት መሬት ተከፍታ እንድትውጠው እስኪመኝ ድረስ ተሸማቀቀ።

እሑድ እትዬ ብርቄ ተክለ ሃይማኖት አስቀድሰው ተመለሱና ጓዳቸው ገቡ። ቀትር ላይ የዶሮው ሽታ ግቢውን ሞላው። ሮብ ጸጉሩን አበጥሮ ከክፍሉ ብቅ ሲል ወይዘሮዋ ንጹሕ ቀሚሳቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«እንብላ!» አሉት።

ሮብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። «ይብሉ፣ እትዬ።»

«ና እንጂ ልጄ!»

«ጠግቤአለሁ።» ከነጋ እህል አልቀመሰም።

«በሞቴ!»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«አፈር ስሆን!» ድምፃቸው ተሰበረ። ሮብ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ባጠበቁበት ቁጥር ማጎንበሱ እየበዛ ሄደ።

አላስቻለኝም። «ሮብ! ግባ! የምራቸውን ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ዞሮ አየኝና ጠቀሰኝ። እኔንም ከፈታኞቹ እንደ አንዱ ቆጥሮኛል። «አውቄአለሁ» ብሎኝ በግቢው በር ወጣ።

ጋሼ ተሰማ ከበረንዳቸው አጨበጨቡ። «አያችሁ? ባንድ ምሽት ጨዋ ወጣው!»

ደሜ ፈላ። ዛሬም ሳስበው ይፈላል። አንድ ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ቃላችንን ቃል ብሎ አመነ፤ እኛ ደግሞ እንደ በሽታ ቆጥረን አዳንነው! ይህን ነው ጨዋነት የምንለው? እትዬ ብርቄ የድስቱን ክዳን እንደያዙ ቆመዋል። «ምን አድርጌው ነው? ትናንት በርበሬው አቃጥሎት ይሆን?» አሉኝ።

ጋሼ ተሰማ አስተምረውት መሆኑን ነገርኳቸው። የድስቱን ክዳን መልሰው ገጠሙ። ከዚያ በደከመ ድምፅ፣ አፋቸው ስለለመደ ብቻ «በል እንግዲህ ደምሴ፣ እንብላ» አሉ።

«ይብሉ» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። «እሺ» አልኩና ገብቼ እጄን ታጠብኩ።

ጭልፋቸውን እንዳነሡ ትክ ብለው አዩኝ። «ምነው ልጄ? ከሙሉ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም!»

አላመኑኝም። ለሮብ ያሰቡትን ፈረሰኛ እያጎረሱኝ «ትዳር መቻል ነው፤ ቻላት» እያሉ መከሩኝ። በልቼ ሮብን ፍለጋ ወጣሁ፤ አንድ ሻይ ቤት ዳቦ በሻይ እየነከረ አገኘሁት። ሴትዮዋ ዶሮ የሠሩት ለእሱ መሆኑን ምዬ ተገዝቼ ነገርኩት። ከልቡ ሳቀ። «ጋሼ ተሰማ ጓደኛህም ይለምንሃል፣ እምቢ በል ብለውኛል» አለኝ።

እያረርኩ ቤቴ ስገባ ጋሼ ተሰማ ካባቸውን ደርበው፣ እትዬ ብርቄን አጠገባቸው አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ለካ እትዬ ብርቄ «ተጣልተዋል» ብለው ነግረዋቸው ሊያስታርቁን ሽማግሌ መሆናቸው ነው። ሙሉ ጥግ ይዛ አኩርፋለች፤ ያልበላሁት ምሳዋ ፊቷ ተከድኖ ተቀምጧል።

«የራሱን ምሳ ትቶ ጎረቤት በላ! አገር ምን ይለኛል?» አለች።

«እንብላ ስላሉኝ ነው የበላሁት» አልኩ።

«እሱማ ምክንያት አይሆንም» አሉ ጋሼ ተሰማ፤ ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይልቅ ምን እንደጎደለብህ እውነቱን ተናገር።»

እውነቱን ስንት ጊዜ ልናገር? ሲመሽ ተነሥቼ ጋሼ ተሰማን ጉልበታቸውን ሳምኩና ቀትር ላይ ፈጽሞ ካልተጣላኋት ሚስቴ ጋር ታረቅሁ።